ጄሶው ሲጠብቅ፦ በሕክምና ቸልተኝነት እጁን ወይም እግሩን ላጣ ሰው ሕጉ ምን መንገድ ይሰጣል?

መግቢያ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም። በሕክምናም ሆነ በሕግ፣ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ሩጫ ብዙ ጊዜ ትርፉ ድካም ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ሁለቱንም ሰዓት፣ የሐኪሙንም የዳኛውንም፣ አንድ ላይ የያዘ ነው። ጉዳዩ ኮምፓርትመንት ሲንድረም የሚባለው የጤና እክል በቸልተኝነት ምክንያት ሳይታወቅ ቀርቶ ሰው እጁን ወይም እግሩን ሲያጣ ተጎጂው ምን ሊያደርግ ይችላል የሚል ነው።

የጌዴኦ ምድር አብዛኛው ተዳፋት ነው። ሰዉ የሚኖረው በእንሰት፣ በቡናና በትልልቅ ዛፎች መሀል ነው። ልጆች ከዛፍ ይወድቃሉ፤ በዲላና በይርጋጨፌ መንገድ ሞተርና ባጃጅ ይገለበጣል። ስለዚህ የአጥንት ስብራት ለማናችንም ቤት እንግዳ አይደለም።

ለውይይት እንዲያመቸን፣ በክፍል ውስጥ እንደምናደርገው፣ አንድ ጉዳይ እንፍጠር። ታሪኩ ለምሳሌ ያህል የቀረበ እንጂ በእውን የደረሰ አይደለም። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ከክርኑ በታች ይሰበራል። አባቱ ወደ ሆስፒታል ያደርሰዋል፤ ራጅ ይነሣል፤ ክንዱ ዙሪያውን በጄሶ ይታሸጋል፤ አልጋም ይይዛል። ማታ ልጁ ሕመሙ ባሰበት። ተረኛዋ ነርስ ማስታገሻ ሰጥታ «ስብራት ያማል፣ ቻል አድርገው» አለችው። ሌሊት ጣቶቹ አበጡ፤ «ደንዝዞኛል» አለ። አባት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሰው ቢጠራም ጄሶውን ከፍቶ ያየ የለም። ጄሶው የተቀደደው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ከቀናት በኋላ ክንዱ ተቆረጠ። አባትየው «ኧረ ለመሆኑ ሕግ የለም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልስለታለን?

ሕግማ አለ። ጥያቄው በየትኛው በር፣ ማንን ይዞ፣ እስከ መቼ ይገባል የሚለው ነው።

በሽታው በአጭሩ

የእጅና የእግር ጡንቻዎቻችን በቡድን በቡድን ሆነው በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ውስጥ የታሸጉ ናቸው። አጥንት ሲሰበር ወይም ሥጋ ሲጨፈለቅ በዚያ ሽፋን ውስጥ ደምና እብጠት ይጠራቀማል። ሽፋኑ ስለማይለጠጥ ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ ሲበዛ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ይዘጋል፤ ጡንቻውና ነርቩ ምግብና አየር ያጣሉ። ከውጭ ደግሞ ጄሶው ወይም ማሰሪያው ከጠበቀ ነገሩ ይባባሳል። የጀርመኑ ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን ከዚህ የተነሣ እጅ ተጨማዶ እንደሚቀር የጻፈው በ1881 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሱም ጣቱን የቀሰረው በጠበቀ ማሰሪያ ላይ ነበር። ስለዚህ «ይህ አዲስ ነገር ነው፣ አላወቅንም» የሚል መከላከያ ለማንም አያስኬድም።

ለሕግ ሰው ሦስት ነገር ማወቅ ይበቃዋል። አንደኛ፣ ዋናው ምልክት ከጉዳቱ መጠን በላይ የሆነና በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም ነው፤ ጣቶቹ ቀስ ብለው ሲዘረጉ ደግሞ ሕመሙ ይብሳል። መደንዘዝ ይከተላል። ሁለተኛ፣ የደም ትርታ መኖሩ በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ ትርታ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ጡንቻ ያለ ደም ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ ጉዳቱ ወደማይመለስበት ይሄዳል። ሕክምናው ጄሶውንና ከሥሩ ያለውን ጥጥ እስከ ቆዳ ድረስ መቅደድ፣ ያም ካልበቃ ፋሺዮቶሚ በሚባለው ቀዶ ሕክምና ሽፋኑን ከፍቶ ግፊቱን ማስተንፈስ ነው።

ቸልተኝነት የሚባለው የቱ ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እጅ ተቆረጠ ማለት ሐኪሙ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ኮምፓርትመንት ሲንድረም ጄሶው በትክክል ቢታሠርም፣ ጄሶ ጭራሽ ባይኖርም፣ ከስብራቱ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ሐኪም የሚገባው ግዴታ በሙያው ደንብ መሠረት መሥራት እንጂ «አድንሃለሁ» ብሎ ዋስ መሆን አይደለም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን (1952 ዓ.ም.) በቁጥር 2031 ስለ ሙያ ጥፋት ይናገራል። በአጭሩ ሲገለጽ፣ አንድን ሙያ ወይም የተለየ ሥራ የሚሠራ ሰው የሥራውን ደንብ መከተል አለበት፤ ባለመጠንቀቅ ወይም ግዴታውን አለማወቁን በሚያሳይ ቸልተኝነት ደንቡን ከጣሰ ኃላፊ ይሆናል። ስለዚህ በምሳሌያችን ውስጥ ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው «ልጁ እጁን አጥቷል ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም። ዋናው ጥያቄ «ልጁ አመመኝ ባለ ጊዜ ምን ተደረገ?» የሚለው ነው። ነርሷ ለሐኪም ነገረች ወይ? ሐኪሙ መጥቶ ጣቶቹን ዘርግቶ አየ ወይ? ጄሶው ተቀደደ ወይ? በስንት ሰዓት? ጥፋቱ ካለ የሚገኘው በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው በር፦ የካሣ ክስ

ቤተሰቡ የሚፈልገው ለልጁ መተዳደሪያ ከሆነ ዋናው በር ይህ ነው። ተከሳሹ ግን እንደ ተቋሙ ዓይነት ይለያያል።

ሆስፒታሉ የመንግሥት ከሆነ የሚመለከተን ቁጥር 2126 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ግን ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል። የሥራ ጥፋት የሚባለው፣ በቁጥር 2127 እንደተመለከተው፣ ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም እንደሚሠራ በቅን ልቡና አምኖ የፈጸመው ነው። ሠራተኛው ቅን ልቡና እንደነበረው ይገመታል። በሌሊት ተረኝነት የተፈጸመ የክትትል ጉድለት በዚህ ሥር እንደሚወድቅ ግልጽ ይመስለኛል። ይህ ለተጎጂው ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የአንዲት ነርስ ደመወዝ የልጁን የዕድሜ ልክ ጉዳት ሊክስ አይችልም።

ቦታው የግል ክሊኒክ ወይም የግል ሆስፒታል ከሆነ ነገሩ ወደ ውል ይሄዳል። ሕጉ ከቁጥር 2639 ጀምሮ ስለ ሕክምናና ስለ ሆስፒታል ውል የተለየ ክፍል አለው። በቁጥር 2651 መሠረት የሕክምና ተቋሙ በሥሩ የሚሠሩት ሐኪሞችና ረዳቶች በጥፋታቸው ለሚያደርሱት ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ነው። እንግዲህ «ጥፋቱ የሐኪሙ ነው፣ እኛ ቤቱን ነው ያከራየነው» ዓይነት መልስ ሐኪሙ የተቋሙ ሠራተኛ እስከሆነ ድረስ አይሠራም።

ክሱ የት ይቀርባል? ይህም መታሰብ አለበት። በዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ ሆስፒታል የፌዴራል መንግሥት ተቋም ነው፤ ጤና ጣቢያዎችና የወረዳ ሆስፒታሎች ደግሞ በክልሉ መስተዳድር ሥር ናቸው። ተከሳሹ የፌዴራል ተቋም ሲሆን ጉዳዩ የፌዴራል ፍ/ቤት ሥልጣን ሊሆን ስለሚችል ክሱን ከማቅረብ በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። ከሳሹም የተከሳሹን ስም በትክክል መጻፍ አለበት። የጌዴኦ ዞን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ መሆኑን ዘንግቶ በቀድሞው ክልል ስም ክስ የሚያዘጋጅ ሰው በመጀመሪያ መቃወሚያ ወራት ሊያጣ ይችላል። ለዳኝነት ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ይችላል።

ሁለተኛው በር፦ የወንጀል አቤቱታ

የወንጀል ሕጉ (1996 ዓ.ም.) በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት በሰው አካል ላይ ጉዳት ማድረስን ይቀጣል። የአንቀጹ ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ እንደ ሐኪምና እንደ አሽከርካሪ ያሉ የሌላውን አካልና ጤና የመጠበቅ ልዩ የሙያ ግዴታ ያለባቸውን ሰዎች ለይቶ ይጠቅሳል፤ በአንቀጽ 555 የተመለከተውን ዓይነት ከባድ ጉዳትም እዚያው ይጨምራል። የክንድ መቆረጥ ከከባድ ጉዳት እንደሚቆጠር አያከራክርም። የተመረዘው ጡንቻ ኩላሊትን ጎድቶ ወይም ቁስሉ አመርቅዞ ሰውየው ከሞተ ደግሞ የሚነሣው አንቀጽ 543 ነው።

አቤቱታው ለፖሊስ ይቀርባል፤ ምርመራው በዐቃቤ ሕግ ይመራል። ጥቅሙ ምንድን ነው ቢባል፣ መንግሥት ራሱ ማስረጃ ይሰበስባል፤ ድሃው አባት ሰነድ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተትም። በአንቀጽ 101 መሠረትም ተጎጂው የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ጋር አጣምሮ ሊያቀርብ ይችላል። ጉዳቱስ? በወንጀል ማስረጃው ጠንካራ መሆን አለበት፤ ጥርጣሬ ካለ ተከሳሹ ነፃ ይወጣል። ሆኖም ነፃ ወጣ ማለት የካሣው ነገር አከተመ ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 እንደሚለው፣ ካሣውን የሚያየው ፍ/ቤት ጥፋት መኖር አለመኖሩን ሲወስን በወንጀሉ ነፃ መውጣት አይገደድም። ይህን የማያውቁ ስንት ቤተሰቦች «ነፃ ተለቀቀ፣ አለቀ» ብለው ቤታቸው ገብተው ይሆን?

ሦስተኛው በር፦ የሙያ ሥነ ምግባር

የጤና ባለሙያዎችን የሥነ ምግባር ጉድለት የሚመረምሩ ኮሚቴዎች በፌዴራልም በክልልም ይቋቋማሉ። ቅሬታው ከታመነበት ባለሙያው ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ ፈቃዱ እስከ መታገድ ወይም እስከ መሠረዝ ሊደርስ ይችላል። ይህ በር ካሣ አይሰጥም። ግን ሁለት ጥቅም አለው። የኮሚቴው ሙያዊ አስተያየት ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም ፍርድ ቤትም የሚመለከቱት ማስረጃ ይሆናል። ሁለተኛም፣ የሚቀጥለው ልጅ በዚያው ክፍል ተኝቶ «አመመኝ» ሲል የሚሰማው ሰው እንዲኖር ያደርጋል።

ወጌሻስ?

እውነቱን እንናገር ካልን፣ ብዙ ስብራት መጀመሪያ የሚደርሰው ወደ ሆስፒታል ሳይሆን ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ይታመናል፤ ብዙዎችንም አሽቶ አድኗል። ነገር ግን ስንጥቅ ቀርከሃ ዙሪያውን ደርድሮ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰርና ለቀናት ሳይፈቱ መተው ያው የጄሶውን ጉዳት ያመጣል፤ ምናልባትም የባሰ። በወጌሻ ማሰሪያ ምክንያት የሚመጣ ጋንግሪን በሀገራችን በልጆችና በወጣቶች ላይ ለሚደረግ የእጅና የእግር ቆረጣ አንዱ ዋና ምክንያት መሆኑን ከሆስፒታሎቻችን የወጡ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

ሕጉ ወጌሻን አያውቀውም ማለት ስህተት ነው። ቁጥር 2028 ማንም ሰው በጥፋቱ ሌላውን ከጎዳ እንዲክስ ያዛል። ቁጥር 2031ም «ሙያ» ብቻ ሳይሆን «የተለየ ሥራ» የሚሠራውንም ይጨምራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ንዑስ አንቀጽ 1ም ማንንም ሰው ይመለከታል። ችግሩ ያለው ተፈጻሚነቱ ላይ ነው። ወጌሻው ጎረቤት ወይም ዘመድ ነው፤ የጻፈው ካርድ የለም፤ ቢፈረድበትም የሚከፍለው የለውም። ስለዚህ በዚህ በኩል ከክሱ ይልቅ ትምህርቱ ይጠቅማል ባይ ነኝ፤ ወጌሻዎቹን ጠርቶ «ጣቱ ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ፍታና ወደ ሆስፒታል ላክ» ብሎ ማሠልጠን።

ወጌሻው በሌላ መንገድም ወደ ክሱ ይገባል። ሆስፒታሉ «መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ወስደውት ነበር፣ እኛ ዘንድ የደረሰው ካለፈ በኋላ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እውነት ከሆነ የካሣው መጠን ሊቀነስ ወይም ክሱ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ ወጌሻ ጋ ሄዶ ከነበረ ለጠበቃውም ለሐኪሙም ሳይደብቅ መናገር አለበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህም ነው።

ማስረጃው የሰዓት ጉዳይ ነው

ጥፋቱንም ጉዳቱንም የማስረዳት ሸክም የከሳሹ ነው። በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ዋናው ምስክር የሕክምና ካርዱ ነው። ራጁ በስንት ሰዓት ተነሣ? ጄሶው መቼ ታሠረ? ማስታገሻ ስንት ጊዜ ተሰጠ? ማስታገሻ ደጋግሞ መሰጠቱ ብቻውን ሕመሙ እንዳልበረደ ይናገራል። በነርስ መከታተያ ወረቀት ላይ «ትርታ አለ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ከላይ እንዳልኩት፣ ያ ብቻውን ሆስፒታሉን ነፃ አያወጣም። ጨርሶ ምንም ያልተጻፈባቸው የሌሊት ሰዓታት ካሉም ያ ባዶ ቦታ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል።

ታዲያ ቤተሰቡ ምን ያድርግ? የካርዱን ቅጂ፣ የራጁን ፊልምና የሪፈር ወረቀቱን በጽሑፍ ይጠይቅ። ሆስፒታሉ እምቢ ቢል ፍርድ ቤቱ ሰነዱ እንዲቀርብ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 መሠረት ሊያዝ ይችላል። የእጁን ፎቶግራፍ በስልክ ያንሣ። በአጠገቡ ተኝቶ የነበረውን በሽተኛና የአስታማሚውን ስም ይያዝ፤ ሌሊት ሲጮህ የሰሙት እነሱ ናቸውና። ደረሰኞችን፣ የትራንስፖርቱን ጭምር፣ አይጣል። ከዚያ ደግሞ ክሱ ከተጎጂው ሆስፒታል ውጭ የሆነ የአጥንት ስፔሻሊስት አስተያየት ያስፈልገዋል፤ ዳኛው የሕግ እንጂ የአጥንት ሊቅ አይደለም።

ካሣው እና የአንድ ሺህ ብሩ ነገር

በቁጥር 2091 መሠረት ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። በቁጥር 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳትም ይታሰባል። ለምሳሌያችን ልጅ ይህ ማለት የሕክምናው ወጪ ብቻ አይደለም፤ እያደገ በሄደ ቁጥር የሚቀየረው ሰው ሠራሽ እጅ፣ ቡና ለቅሞ ወይም ሌላ ሥራ ሠርቶ ሊያገኝ የነበረው ገቢ ሁሉ ነው። ልኩን በትክክል ማስረዳት ካልተቻለ ፍርድ ቤቱ በቁጥር 2102 መሠረት በርትዕ ይወስናል።

የሕሊና ጉዳት ካሣስ? እዚህ ላይ ቁጥር 2116 ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ይላል። በ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ከዲላ አዲስ አበባ ለሕክምና የሄደ ሰው የጥቂት ቀን ወጪ እንኳ አይሸፍንም። አንድ ልጅ ቀኝ እጁን አጥቶ ለሐዘኑ አንድ ሺህ ብር ማለት ከካሣ ይልቅ ስላቅ ይመስላል። ይህ ቁጥር ሊሻሻል ይገባል ብሎ መከራከር የእኛ የሕግ ተማሪዎች ድርሻ ነው። እስከዚያው ግን ጠበቃው ጉልበቱን በገንዘብ በሚተመነው ጉዳት ላይ ማዋል አለበት።

ሁለት ዓመት ሩቅ አይደለም

ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የካሣ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል። በውል ላይ ለተመሠረተው ክስ በቁጥር 1845 የተመለከተው ጠቅላላ ይርጋ አሥር ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ውል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር በይርጋ ላይ ቢያልቅ የሚጎዳው ተጎጂው ነው፤ ሁሌም ሁለቱን ዓመት ማሰብ ይሻላል።

ሁለት ዓመት ደግሞ ሳይታወቅ ያልፋል። አንዱ ዓመት ቁስል በማስታመም ያልቃል። ከዚያ ሽማግሌ ይገባል። በጌዴኦ ሶንጎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ትልቅ ክብር ያለው ነው፤ ብዙ ጠብና ቂም አብርዷል፤ በተለይ ወጌሻው ጎረቤት ሲሆን ከፍርድ ቤት የተሻለ መንገድ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «በሽምግልና ላይ ነን» ማለት ብቻውን የይርጋውን ሰዓት አያቆምም። ዕርቅ ከተደረሰም በጽሑፍ ይሁን፤ የልጁም ጥቅም ይጠበቅ።

ማጠቃለያ

ለአባትየው የምንመልስለት እንዲህ ነው። ሕግ አለ፤ በሮቹም ሦስት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይዘጋም። ካሣ ከተፈለገ የፍትሐ ብሔሩ፣ ቅጣት ከተፈለገ የወንጀሉ፣ ሌላው ልጅ እንዳይጎዳ ከተፈለገ የሥነ ምግባሩ በር ይንኳኳ። ግን ሁሉም የሚከፈቱት በሰዓት በተጻፈ ማስረጃ ነው።

በጤናው ሳይንስ ለምትማሩ ጓደኞቻችንም አንድ ቃል። «ጄሶው ጠበቀኝ» የሚል በሽተኛ ሲገጥማችሁ ቅደዱት፣ እዩት፣ ሰዓቱን ጻፉት። ጄሶ እንደገና ይታሠራል፤ የሞተ ጡንቻ ግን አይመለስም። ይህን ያደረገ ባለሙያ ውጤቱ ባያምርም እንኳ በሕግ ፊት ራሱን ቀና አድርጎ ይቆማል።

ለእኛ ለሕግ ተማሪዎች ደግሞ ሥራው በነፃ የሕግ ድጋፍ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀናል። አንድ እጅጌው ባዶ የሆነ ልጅ ከአባቱ ጋር ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «መቼ ነው የደረሰው?» ብለን ይሁን።